ግማሽ ላይ የቀረው ባንዲራ

አንድ ሰው እየሞተ ነበር። እኛ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ተሰብስበን "የሞተው ማን ነው?" እያልን በሹክሹክታ እንጠያየቅ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። የሆነው ኦክላንድ ውስጥ ነው፤ ጭጋጋም በሆነ አንድ እሑድ፣ በቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ሌሊት ቢሆን ኖሮ "ጨለማ ነው ያስፈራኝ" ብዬ እገላገል ነበር።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ግን ነገሩ አይገባችሁም። ሶስና እባላለሁ። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ መጣን፤ ያደግኩት ኦክላንድ ነው። አሁን የምኖረው ሳን ሆዜ ሲሆን ካምቤል ውስጥ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ጋር እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ አፉን ከከፈተ ሰው ጋር ስለምውል፣ ማውራት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ምላሴ የተሳለው እዚያ ነው ይላሉ የሚያውቁኝ።

ባንዲራ ካላችሁኝ ሁለት ነበሩኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የማነበንብለት የትምህርት ቤቱ ባንዲራ አለ። ቅዳሜ ደግሞ እጆቼን ጎኔ ላይ ለጥፌ የምቆምለት የጋሽ ደምሴ ባንዲራ አለ። ዜግነቴ አሜሪካዊ፣ መልኬ ኢትዮጵያዊ፣ ልቤ ግን የሁለቱም አልነበረም። "ለመሆኑ ባንዲራሽ የትኛው ነው?" የሚል ሰው ሲገጥመኝ "ሲበርደኝ የምለብሰው" እያልኩ አሾፍ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ታፈጥብኛለች።

ጋሽ ደምሴ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት በርክሌ መጥተው፣ ኢንጂነር ሆነው፣ እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ጓሯቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው ያቆሙት ረጅም የብረት ምሰሶ አለ። ኮረብታውን ታኮ በሚያልፈው ፍሪዌይ የሚነዳ አበሻ ሁሉ ባንዲራቸውን ያውቀዋል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፤ ምንም ምልክት የለበትም። ሰው በዚህ ሊሟገታቸው ሲመጣ "እኔ ተማሪ ሳለሁ የሰቀልኩት ይኸንን ነው፤ ሌላውን እናንተ ተጨቃጨቁበት" ብለው ሻይ ያቀርባሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን የዲያስፖራ ልጆች ጓሯቸው ሰብስበው ፊደል ያስተምሩን ነበር። ከ"ሀ" በፊት ግን ባንዲራ ይሰቀላል። ሕጋቸው ጥብቅ ነው፦ ገመዱ ሲንቀሳቀስ ሰው አይንቀሳቀስም። በልጅነታቸው ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ፣ ሸክም የተሸከመውም ጭምር፣ ባለበት ቀጥ ይል ነበር አሉ። አንድ ቅዳሜ አፌ ውስጥ ቺፕስ ጎርሼ ሳለ ገመዱ ተንቀሳቀሰና ማኘክም መዋጥም ፈርቼ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ቆሜያለሁ። ሲያልቅ በእንግሊዝኛ "ጨርቅ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ጨርቅማ ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ምንም ሳይቆጡ። "የገዛሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ማውረዱ ደግሞ የራሱ ወግ ነበረው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መውረድ አለበት፤ መሬት መንካት የለበትም። ምሰሶው በእጅ የተሠራ ስለሆነ ገመዱ ከታች ካልታሰረ ባንዲራው በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ገመዱን ይይዛል፣ ሌላው ከታች ክንዱን ዘርግቶ ይጠብቃል። ገመድ የያዘውን ሰው ሊተካ የመጣውም ገመዱን ጨብጦ "ያዝኩ" ማለት አለበት። "ያዝኩ" ሳይባል የሚለቅ ልጅ ካለ ጋሽ ደምሴ ለተወሰነ ጊዜ ገመድ አያስነኩትም። እኔ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እንዳልነካ ተቀጥቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ከመካከላችን ሰው ሲሞት፣ ሹምም ይሁን ታክሲ ነጂ፣ ጋሽ ደምሴ ባንዲራውን ግማሽ ላይ ያደርጉታል። ሰው ሲሞትብን መርዶ የሚነግሩንም እሳቸው ናቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ ሰውየው ሳያስበው፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት። ጋሽ ደምሴ ደግሞ መዋሸት አይችሉም። ስለዚህ መርዶ ከያዙ ስልክ አያነሱም። ኦክላንድ ውስጥ "ጋሽ ደምሴ ስልክ አላነሱልኝም" የሚል ሰው ሲገኝ ዘመዶቹን በልቡ መቁጠር ይጀምራል።

ያን እሑድ እናቴ ጋ ምሳ ልበላ ከሳን ሆዜ እየነዳሁ ነበር። ጭጋጉ ከኮረብታው አልተነሳም። ፍሪዌዩ ወደ ኮረብታው ሲጠጋ፣ እንደ ልማዴ፣ ዓይኔን ወርወር አደረግሁ። ባንዲራው ግማሽ ላይ ነበር።

"ነፍስ ይማር፣ ማን ይሆን?" አልኩና ደወልኩላቸው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። እንደገና ደወልኩ። አላነሱም። ጋሽ ደምሴ የእኔን ስልክ ሳያነሱ ቀርተው አያውቁም፤ ቢያንስ አንስተው "ምን ረሳሽ ደግሞ?" ይሉኛል። ወደ እናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ የጋሽ ደምሴን ባንዲራ አየሽው?"

ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰችው።

"የት ነሽ አንቺ?"

"ፍሪዌይ ላይ ነኝ። ኮል ባደርግላቸው አያነሱም።"

"አንቺም ደውለሽ ነበር?" ድምጿ ቀጠነ። "በይ ቀስ ብለሽ ንጂ። ብቻሽን ነሽ? ቀስ ብለሽ የኔ ልጅ።"

የኔ ልጅ! እናቴ እንዲህ የምትለኝ ሲያመኝ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ደብረ ብርሃን ያለችው አያቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እናቴ ልቧ ፈርቶ እንጂ የእናቷን ሞት ገና አልሰማችም፤ የማረዳት እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። በኋላ እንደሰማሁት፣ እሷ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው አባቴ የሞተ መስሏት ነበር። ከተለያዩ ዓመታት ቢያልፉም፣ እኔን እንዴት አድርጋ እንደምታረዳኝ ነበር የምታስበው።

ቤት ስደርስ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ጠበቀችኝ። ቀሚሱን ሳየው አይታኝ "ሌላው ሁሉ ላውንደሪ ነው" አለች፣ ሳልጠይቃት። ከዚያ ምሳ አቀረበች።

"ብይ እስቲ" አለችኝ።

"አንቺ ብይ።"

"እኔ በልቻለሁ፤ አንቺ ብይ እንጂ!"

"እማዬ፣ እባክሽ ትንሽ ቅመሽ።"

አበሻ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሰው መርዶ ከሰማ በኋላ እህል ስለማይወርድለት አስቀድመው ያበሉታል። እኔ እሷን ላበላ እሷ እኔን ልታበላ ቁራሽ ይዘን ተፋጠጥን። የሁለታችንም ዓይን እንባ አቅርሯል። ሁለታችንም ምንም አናውቅም፤ ግን አንዳችን ከሌላችን የምንደብቀው ሞት አለን። አሁን ሳወራው ያስቃል። ያኔ ግን ቤቱ ውስጥ ያልተጠራ ሦስተኛ ሰው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

"ለምን ጋሽ ደምሴ ጋ ደርሰን አንመጣም?" አለችኝ በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ እያየች። እኔም ልላት የነበረው ይኸንኑ ነበር።

ስንደርስ ከሰዓት በኋላው ገፍቷል። መኪኖች ከቤቱ ራቅ ብለው፣ ከታችኛው መንገድ ላይ ተደርድረዋል። ለመርዶ የሚሰባሰብ ሰው እንዲህ ነው ፓርክ የሚያደርገው። ሰዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ፣ ውስጡን በማያሳየው አጥር ሥር ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶችም አሉ። እኛን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ። የሁሉም ዓይን በእኔና በእናቴ ላይ ተተከለ፤ በሐዘኔታ ነበር የሚያዩን።

የእናቴ ጓደኛ እትዬ ብርቄ መጥተው አንገቴን አቅፈው ጉንጬን በእንባ አራሱት። "አይዞሽ የኔ እናት" አሉኝ።

"እትዬ፣ ማን ነው የሞተው?"

ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ አይደለሽም እንዴ… እናንተ አይደላችሁም?"

"እኛ ምን?"

"እኔማ" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ "ስልኬን አላነሱልኝም። ወንድሜ ታሞ ነበር። ሰዉ ሲያየኝ ዝም ሲል… እኔ ነኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።"

ሄይዋርድ የሚኖረው ታምራት፣ ኡበር የሚነዳው፣ ከጎናችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። "እኔም እኔ ነኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አለ። "ጠዋት ፓሴንጀር ይዤ ሳልፍ አየሁት፤ ኮል አደረግኩ፤ አላነሱም። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ እዚያ ሌሊት ነው፤ ማንም አያነሳም።"

እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ መርዶው የራሱ መስሎት የመጣ ነበር። ሁሉም የሌላው ዓይን ሲያርፍበት "ያውቃሉ፣ ደብቀውኝ ነው" ይላል። የሚደብቅ ግን የለም፤ የሚያውቅም የለም። በር ተንኳኩቶ ነበር፤ የሚከፍት የለም። መኪናቸው በሩ ላይ ቆሟል። ታምራት እንደገና ሲደውል ስልካቸው ከቤት ውስጥ ጮኸ። ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥነው፤ ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ።

"ሰው መጥቶ ወስዷቸው ነው" አሉ እትዬ ብርቄ። "ለመርዶ ብቻውን የሚሄድ የለም። ስልኩን ሆን ብለው ትተውት ነው።"

"የት ነው የሄዱት ታዲያ?"

"እዚህ ያልመጣው ሰው ቤት ነዋ።"

ከዚያ የቀረውን ሰው መፈለግ ተጀመረ። "የበርክሌዎቹስ?" ይባላል፤ ሳይቆይ የበርክሌዎቹ ጥቁር ለብሰው ከታች ብቅ ይላሉ። "መምህሩስ?" ሲባል መምህሩ ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስሙ የተጠራ ሁሉ እንደ ተጠራ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥርም ሰዉ የባሰ ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ የሚጠራ ስም ጠፋ። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁላችንም እዚያው ነን። ከዚያም ከዚህም ሰው "ቀስ፣ ጮክ አትበሉ፣ ይሰማል" ይላል። የሚሰማው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህን ተረት እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ትዝ አላለውም።

ጭጋጉ ከባሕሩ በኩል ሳሳ ብሎ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ታየች። የመጣልኝ ሐሳብ የልጅነት ሐሳብ ነው፦ ባንዲራው ሳይወርድ ሊመሽ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። በጭጋግ ርሶ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ከኋላው ያሉት ባሕር ዛፎች ቅጠላቸው እንኳ አይነቃነቅም።

ባንዲራው ትንሽ ከፍ አለ። ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

"አያችሁ?" አልኩ።

"ነፋስ ነው" አሉ እትዬ ብርቄ፣ ቀና ሳይሉ። "ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያደርገዋል።"

ነፋስ ግን አልነበረም። ደግሞ ከፍ አለ፤ አንድ ክንድ ያህል። ደግሞ ወረደ። እኔ ሳላስበው እጆቼ ጎኔ ላይ ተለጥፈው፣ እግሮቼ ገጥመው፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር። እናቴ "ምነው? ምን ሆንሽ?" ስትለኝ ነው ያወቅኩት። አካሌ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል። ገመዱ ሲንቀሳቀስ ሰው አይንቀሳቀስም። ገመድ ደግሞ ብቻውን አይንቀሳቀስም።

"ጓሮ ውስጥ ሰው አለ" አልኩ።

እትዬ ብርቄ አማተቡ። ታምራት ክንዴን ያዘኝ፤ "ሶሲ፣ ቆይ አትሂጂ፣ ቤቱ እኮ ባዶ ነው" አለኝ። ትልቅ ሰውዬ እጁ ቀዝቅዟል። እኔም አልዋሻችሁም፤ መሄድ አልፈለግኩም። ባዶ ቤት ውስጥ ባንዲራ የሚስበውን እጅ ማየት አልፈለግኩም። ምን ገፍቶኝ እንደሄድኩ አላውቅም። የጎን በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል፤ እኛ ተማሪዎቹ ግን እጃችንን በላይ አስገብተን መቀርቀሪያውን ማንሳት እናውቃለን። አነሳሁት።

ጋሽ ደምሴ ከምሰሶው ሥር እርጥብ ሣር ላይ ወድቀዋል። ለባንዲራ ሁልጊዜ የሚለብሷትን ኮት ለብሰዋል፤ ከሥሯ ፒጃማ ነው። ፊታቸው በቀኝ በኩል ወርዷል። ገመዱ ግራ መዳፋቸው ላይ ተጠምጥሟል። ዓይናቸው ክፍት ነበር። አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለውም። ከዚያ እያዩኝ ገመዱን ሳብ አደረጉት፤ ከራሴ በላይ ባንዲራው ከፍ ሲል ሰማሁት።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ታምራት 911 ሲደውል፣ እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ስታለብሳቸው፣ ሰዉ አጥሩን ሲሞላው ነው ትዝ የሚለኝ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቅሉ ነው ስትሮክ የመታቸው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ፣ አብዛኛውን ቀን እኛ ከአጥሩ ወዲያ "ቀስ በሉ፣ ይሰማል" እያልን ስንንሾካሾክ፣ በአንድ እጃቸው ሲጠሩን ነበር የዋሉት። እኛ ነፋስ ነው አልናቸው።

አምቡላንስ ወዲያው መጣ። ሁለት ወጣቶች ናቸው፣ ወንድና ሴት። አልጋቸውን አዘጋጁና እጃቸውን ከገመዱ ሊያላቅቁ ሞከሩ። አልቻሉም። ያ ደካማ የሽማግሌ እጅ እንደ ብረት ተቆልፏል። ሴቲቱ ገመዱን ልትቆርጥ መቀስ ስታወጣ ጋሽ ደምሴ አንድ ድምፅ አወጡ። ያን ድምፅ አሁንም በሕልሜ እሰማዋለሁ።

"ጊዜ የለንም" አለችኝ ሴቲቱ። "ንገሪው እንዲለቅ!"

"ጋሼ፣ ይልቀቁት! እባክዎን ይልቀቁት!" አልኩ። እናቴም ለመነች፤ እትዬ ብርቄም "በማርያም!" እያሉ ለመኑ። ፍንክች የለም። ዓይናቸው እኔ ላይ ብቻ ነው። ከንፈራቸው አሁንም ይንቀሳቀሳል። አንድ ቃል እየጠበቁ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ብድግ አልኩና ገመዱን ከእጃቸው በላይ በሁለት እጄ አንቄ፣ የባንዲራውን ክብደት ወደ ራሴ ሳብኩት። እርጥቡ ባንዲራ ከብዶ ነበር።

"ያዝኩ" አልኳቸው።

ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተፈቱ።

እሳቸውን አንስተው ሲሄዱ ገመዱ እኔ እጅ ላይ ቀረ። ብለቀው መሬት ይወድቃል፤ እንዳልከተላቸው ይዤዋለሁ። ቀና ብዬ "እማዬ፣ ተቀበይኝ!" አልኩ። በሕይወቷ ባንዲራ አውርዳ የማታውቀው እናቴ ከሥሩ ቆማ ሁለት ክንዷን ዘረጋች። ገመዱን ለቀቅ አደረግሁ። ገመዱ ሲንቀሳቀስ ጓሮው ጸጥ አለ። አጥሩ ላይ የተንጠላጠለው፣ በሩ ላይ የቆመው፣ መንገድ ላይ ያለው፣ እንባውን ሲጠርግ የነበረው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ሁለቱ ወጣቶች አልጋውን እየገፉ በማይንቀሳቀሱ ሰዎች መሀል አለፉ፤ ልጅቱ ወደ ኋላዋ ስታይ ፊቷ ላይ ፍርሃት አየሁ።

"ምን ሆነው ነው?" ብላ ታምራትን ጠየቀችው።

ታምራት አልመለሰላትም። እሱም ቆሞ ነበር።

ጋሽ ደምሴ አልሞቱም። ቀኝ እጃቸው ግን እስከዛሬ አይታዘዝም፤ ምላሳቸውም የተመለሰው በከፊል ነው። ሐኪሙ ቀድመን ብንደርስላቸው ኖሮ ብዙ ነገር ይድን ነበር ብሎናል። ይህን ስሰማ በእኛ ሰው ሁሉ ተናደድኩ፤ በእሳቸውም ተናደድኩ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ በዊልቸር ተቀምጠው በመስኮት ሲያዩ ሳገኛቸው፣ ንዴቴ ወጣ።

"ጋሼ፣ ስልክዎ ቤት ውስጥ ነበር። ገመዱን ቢለቁት ወደ በሩ ይሳቡ ነበር። ለጨርቅ ሊሞቱ ነበር እኮ!"

ቃል ሲፈልጉ አንድ በአንድ ነው የሚያገኙት።

"ሰማኋችሁ" አሉ። "ስትንሾካሾኩ። ብርቄ… አለቀሰች። በቃ ሞቻለሁ፣ ይሄ ለቅሶዬ ነው አልኩ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "እጄን አየሁት። ገመድ ይዟል። የሞተ ሰው… ገመድ አይዝም።"

"ታዲያ ለምን አልለቀቁትም?"

እንደዚያ ጊዜው፣ ስለ ጨርቅ እንደነገሩኝ ቀን፣ ምንም ሳይቆጡ አዩኝ።

"ያዝኩ ያለኝ… ማን አለ?"

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ስለ ባንዲራ ብዙ ንግግር ሰምታችኋል። ስለ ደም፣ ስለ ክብር፣ ስለ ቀለሞቹ ትርጉም። እኔ ያን ሁሉ ልነግራችሁ አልችልም፤ አልተማርኩትም። የማውቀው ያን ቀን እጄ ላይ የቀረውን ክብደት ነው። ያ ሰው በርክሌ ከመጣ ጀምሮ፣ ሚስቱን ከቀበረ ጀምሮ፣ እኛ ቺፕስ እየበላን ስንስቅበት፣ ባንዲራውን ይዞ ሌላ ሰው "ያዝኩ" እስኪለው ሲጠብቅ ኖሯል። ከዚያች ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ እነዳለሁ። ልጆቹ "ጨርቅ እኮ ነው" ሲሉኝ "ጨርቅማ ነው" እላቸዋለሁ። ጋሽ ደምሴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው "ቀጥ በሉ" ይላሉ።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ባንዲራ ሳይ፣ የየትም አገር ይሁን፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ምሰሶው ሥር ነው። በቅርቡ ካምቤል ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት የአሜሪካ ባንዲራ ግማሽ ላይ ሆኖ አየሁ። ነፋስ አልነበረም። መኪናዬን አቁሜ ወርጄ፣ ምሰሶውን ዞሬ፣ ቁጥቋጦውን ገልጬ አየሁ። ማንም አልነበረም። ገመዱ ብረቱ ላይ በሚገባ ታስሯል። አንዲት መጽሐፍ የታቀፉ አሮጊት ቆመው ያዩኛል፤ ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ሆኖም ገመዱን በእጄ ጨብጬ፣ በማይሰማ ድምፅ፣ "ያዝኩ" አልኩ።